በማርያም ቀን የሚታይ ዘይት

በእኛ ቤት የሞተር ዘይት የሚታየው በወር አንድ ጊዜ፣ በማርያም ቀን ነው። ወሩ ሃያ አንድ ሲል እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደውን ዳገት ትያያዘዋለች፤ አባቴ ደግሞ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ጓሮ የቆመችው አገር ምድሩ ኤንትሬ የሚላት፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ የጣሊያን ሥራ የጭነት መኪና ናት። አባቴ በእሷ ከሙጃ ገብስና ባቄላ፣ ከወልድያ ጨውና ቆርቆሮ እያመላለሱ ነው ያሳደጉን። አሁን ግን ከጓሮ የምትወጣው ከስንት አንዴ ነው። ናፍታ እንደ ልብ አይገኝም፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። የአባቴን ዓይኖች ሞራ ጋርዷቸዋል።

"ዛሬ በዓል አይደለም እንዴ?" የሚል ጎረቤት ሲመጣ የአባቴ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ማየት ሥራ አይደለም። ሥራ ቡሎን መፍታት ነው።" ስለዚህ በማርያም እናያለን፣ የሚፈታ ካለ በማግስቱ እንፈታለን። ከዚያ ወዲያ ጊዮርጊስ ነው፤ በጊዮርጊስም ቡሎን አይፈታም። በሁለቱ በዓላት መካከል የተሰነቀረችው ቀን በአባቴ ሕግ የጋራዥ ቀን ናት።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ የምመዘው እኔ ነኝ። ላሊበላ ከተማ ውስጥ የሆቴል ሚኒባስ እነዳለሁ፤ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድም አለኝ። እሱን ያወጣሁት "ሴት ልጅ ኤንትሬ አትችልም" ያለኝን አንድ ሾፌር ለማናደድ ነበር፤ ተናዷል። እናቴ "በርበሬ" ትለኛለች፤ አልተሳሳተችም።

ዘንጉን እመዛለሁ፣ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ መልሼ እሰደዋለሁ፣ እንደገና እመዛለሁ። ከዚያ አባቴ ጠብታዋን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ይዘው ያሻሉ፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያሸታሉ። መቅጠኑን፣ ናፍታ መቀላቀሉን፣ አሸዋ መያዙን እሳቸው ይጨርሱታል። የሚቀረው ቀለሙ ነው። ቀለሙን ከእኔ ነው የሚቀበሉት፤ መቀበል ከተባለ።

"ምን ይመስላል?"

"ጥቁር ነው።"

"ጥቁርማ ይሆናል፤ የናፍታ ሞተር እኮ ነው። ምን ዓይነት ጥቁር?"

"እንደ ቡና።"

"አተላው ነው ወይስ አቦሉ?"

"አባየ፣ ጥቁር ጥቁር ነው!"

"አይ ልጀ! ዓይን አለሽ እንጂ አታይም።"

ይህች ንግግር ደሜን ታፈላዋለች። "ታዲያ አንቱ ለምን አይታከሙም? ሐኪሞቹ በዘመቻ ሲመጡ ስንቱ ሽማግሌ ሞራውን አስገፍፎ እየሮጠ ነው የተመለሰው!" እላለሁ። አባቴ ጣታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "ያየሁት ይበቃኛል" ይላሉ። በቃ። ከዚያ በኋላ የፈለግሁትን ያህል ብጮህ እንደ ግድግዳ ነው የሚሰሙኝ።

ያለፈው ጥር ግን የዘይት ማየቱ ነገር እንደ ወትሮው ጨዋታ አልነበረም። ደሴ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ስልክ ደውሎ፣ ከወልድያ አሮጌ ብረት የሚገዛ ነጋዴ ማግኘቱን ተናገረ። "ቆማ ከምትዝግ ትሸጥ" አለ። አባቴ እምቢ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን "ዘይቷ ይፍረድ" አሉ። "በማርያም እናያታለን። ዘይቷ ደህና ከሆነ አትሸጥም። ከተበላሸ ግን እኔም አልከራከርም፤ ይምጣና ይውሰዳት።" ነጋዴው በጊዮርጊስ ማግስት እንዲመጣ ተቀጠረ።

ወንድሜን በስልክ ውስጥ ገብቼ ባንቀው ደስ ባለኝ። እሱ ሩቅ ነው፤ አባቴን በየቀኑ አያያቸውም። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከዚያች ጓሮ ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም። ጠዋት ተነስተው ጎማዋን በከዘራቸው ይኮረኩማሉ፣ በሯን ይዳብሳሉ፣ ገብተው ይቀመጣሉ። እሷ ከሄደች አባቴ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ የሚሞቁ ሰው ሆነው ይቀራሉ ብዬ ፈራሁ። ይህን ፍርሃቴን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለኤንትሬዋ ግን ነግሬያታለሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? በማርያም ጠዋት ዘንጉን መዘዝኩት። መጀመሪያ ያየሁት ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ መቆሙን ነው። ባለፈው ወር ከምልክቱ በታች ነበር። ጠርጌ እንደገና መዘዝኩ፤ ያው ነው። ጠብታዋን ወደ ብርሃን አዞርኳት።

"ምን ይመስላል?" አሉ አባቴ።

"አባየ... ማኪያቶ ነው።"

አልሳቁም። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚደጋግሟት አንዲት ትምህርት አለች፤ በናፍታ ሞተር ውስጥ ጥቁር ዘይት አያስፈራም፣ የሚያስፈራው ነጭ ነው። ነጭ ማለት ውሃ ነው፤ ውሃ ዘይት ውስጥ የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታ የሚሉት፣ ወይም ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሲበላሽ ነው። ለእንዲህ ያለች አሮጊት እሱ የሞት ፍርድ ነው። መለዋወጫው ቢፈለግ አይገኝ።

"ከሰሉን አምጭ" አሉኝ። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ክዳን ከሰል ላይ አጋልኩና ከዘንጉ አንዲት ጠብታ ጣል አደረግሁበት። ንጹሕ ዘይት እንዲህ ሲደረግ ዝም ብሎ ይጨሳል። ይህኛው ግን ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጣጣጣ እያለ ዘለለ፤ እጄንም ለበለበኝ። ለዚህ ዓይን አላስፈለገም። አባቴ በጆሯቸው ሰምተው "ውሃ ነው" አሉና ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ።

እናቴ ከአሸተን ስትመለስ ያገኘችን እንዲህ ሆነን ነው። በአንድ እጇ ጸበል የሞላ የውሃ ላስቲክ ይዛለች።

"ምን ሆናችኋል?"

"ዘይቱ ጨምሯል፣ እማየ!" አልኳት።

"ጨመረ?" ፊቷ በራ። "እልልል! በረከት ነው!"

"ምን በረከት! ዘይት ይጎድላል እንጂ ይጨምራል እንዴ? ጥፋት ነው!" ብዬ ጮህኩባት። እናቴ ላስቲኩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ያን ጊዜ ልብ ብዬ ባየው ኖሮ ያን ሁሉ ጣጣ ባላየን። ግን በርበሬ ሲናደድ መች ያያል?

አባቴ ግን እንደ እኔ አይደሉም። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አሉና ራዲያተሩን ክፈች አሉኝ። ክዳን መክፈት ቡሎን መፍታት አይደለምና በዓሉ አልተሻረም። ከፈትኩ። ራዲያተሩ ባለፈው ወር እንደተውነው እስከ አፉ ሙሉ ነው። አንዲት ማንኪያ አልጎደለም።

"እንግዲያ ከቴስታታው አይደለም!" ብዬ ዘለልኩ።

"ቀስ በይ። ከየት መጣ ታዲያ?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ነሽ። በየቅዳሜው ለአፍታ አስነስተሽ ታጠፊያታለሽ። ሳይሞቅ የጠፋ ሞተር ያልበዋል። በዚህ በጥር ብርድ ላቡ የት ይሄዳል? ዘይቱ ውስጥ ነው የሚቀር።"

"ባትሪዋ እንዳይሞት ብዬ እኮ ነው!"

"ባትሪዋን ስታድኝ እሷን ገደልሻት!"

በቃ፣ ተጣላን። በማርያም ቀን፣ ያውም በአስተርእዮ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ተጯጯህን። እናቴ መሐላችን ቆማ "ተው በማርያም፣ ተው በማርያም" ትላለች፤ ግን እንደ ሌላ ጊዜው ከልቧ አልነበረም። የሆነ ነገር ያሳሰባት ትመስል ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ያቺ የጋራዥ ቀን ናት፤ ከእሷ ሌላ ቀን የለንም። አባቴ ከጎማው አጠገብ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ እኔ ደግነዋል። የዘይት ማጠራቀሚያዋን መዝጊያ ቡሎን ፈታሁና ባልዲውን አስጠጋሁ። ጥቁር ዘይት ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ኩልል ያለ ውሃ ወረደ። የምንጭ ውሃ የመሰለ፣ ንጹሕ።

"አባየ! ውሃ! ዝም ብሎ ውሃ ነው የሚወርደው!"

እጃቸውን ሰደው ቀመሱት ማለት ይቻላል፤ አሸተቱ፣ አሹት። "ላብ ይህን ያህል አይወርድም" አሉ በመገረም። "ይህ የተጨመረ ነው። ማን ነው..."

አልጨረሱም። እናቴ ከቤት በሩጫ ወጣች፤ በእጇ ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች።

"ኧረ በእመቤቴ! መሬት እንዳይነካው! ጸበል እኮ ነው!"

እኔ ከሥር ተንጋልዬ፣ አባቴ ድንጋያቸው ላይ፣ እናቴ ከነሳህኗ ተንበርክካ፣ ሦስታችንም ቀጥ አልን። ውሃው ብቻ መውረዱን ቀጠለ።

"የምን ጸበል?" አልኩ ከሥር።

ነገሩ ወጣ። እናቴ ለወራት ያህል፣ በየማርያሙ ከአሸተን ስትመለስ፣ እኛ ወደ ቤት ስንገባ ጠብቃ፣ ጋቢናው ውስጥ ወጥታ፣ "በስመ አብ" ብላ ከላስቲኩ ትንሽ ትንሽ እዚያው ወዳለው ዘይት መሙያ ስታፈስ ኖራለች፤ ባለፈው ወር ደግሞ አብዝታበታለች። ትናንትም ከጠባችን በኋላ፣ ደንግጣ፣ ይበልጥ ይሻላታል ብላ የቀረውን ሁሉ ገልብጣበታለች።

"እማየ፣ ለምን ዘይቱ ውስጥ? ራዲያተሩ ውስጥ ብትጨምሪው ምን ነበረበት! ጭራሽ ደስ ይላት ነበር!"

"እኔ ምን አውቄ! እናንተ ሁልጊዜ እሱን ክዳን ስትከፍቱ ነው የማየው። መድኃኒት የሚገባ በአፍ አይደል?"

ሳቄ መጣ። ከመኪና ሥር ተንጋልዬ፣ ያ ማኪያቶ ዘይት ተራውን እየወረደ ፀጉሬ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ቴስታታው ደህና ነው! ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው! አሮጊቷ ምንም አልሆነችም፣ ጸበል ተጠምቃ ነው! እግሬን መሬት ላይ እየደበደብኩ ሳቅሁ።

አባቴ ግን አልሳቁም። "ለምን እንዲህ አደረግሽ?" አሏት ቀስ ብለው።

እናቴ ሳህኗን እያየች መለሰች። "አንቱ ጸበሉን አልጠጣም አሉ። ሐኪምም አልሄድም አሉ። ምን ላድርግ? እሷ ስትነሳ አንቱም ይነሳሉ፣ እሷ ስታስል አንቱም ያስላሉ። በእሷ በኩል ቢደርስዎ ብየ ነው።"

ሳቄ ቆመ። ከሥር ሆኜ የአባቴን ጫማና የከዘራቸውን ጫፍ ብቻ ነበር የማየው። ከዘራው መሬቱን አንዴ ጫር አደረገ።

"ውሃውን ሰው የማይረግጥበት ወይራው ሥር አፍስሽው" አሏት በመጨረሻ። እኔን ደግሞ "አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ? መሸብን እኮ" አሉኝ። ገና ጠዋት ነበር።

ቀኑን ሙሉ እንደ ንብ ተሯሯጥኩ። ርካሽ ዘይት ጨምሬ ለጥቂት ጊዜ አስነሳሁና አጥቤ ደፋሁት፤ አሁንም ነጣ ያለ ነው። ደገምኩ። ፊልትሮዋን ቀየርኩ። ደህናውን ዘይት የሞላሁት ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል ነው። አባቴ ግን ገና አልረኩም። "ጥጋ ጥጉ ያለውን እርጥበት የሚያወጣው ሙቀት ብቻ ነው። ዳገት መውጣት አለባት። ነገ ኩልመስክ ድረስ እንነዳታለን።"

"ነገ ጊዮርጊስ አይደል?" አለች እናቴ።

"ቅዱስ ጊዮርጊስ ራሱ ፈረሰኛ ነው፤ መንገደኛን አይቆጣም።"

በጊዮርጊስ ጠዋት መሪውን ያዝኩ። አባቴ በመስኮት በኩል፣ እናቴ መሐላችን። ላስቲኳን ጭኗ ላይ አቅፋለች፤ ዘይት መሙያው አጠገብ ዝር እንዳትል አስምያታለሁ። ሞተሩን አስነሳሁ። አንዴ አጉረመረመች፣ ሁለተኛ ጊዜ አስነጠሰች፣ ከዚያ ጓሮውን በጭስ ሞልታ ተነሳች። የሰፈሩ ሰው በየአጥሩ ላይ ብቅ አለ። "ኤንትሬዋ ወጣች!" የሚል ድምፅ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ ይሰማኛል። በደስታ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋሁት፣ ሦስተኛውን እናቴ ከለከለችኝ።

ዳገቱ ሲጀምር አባቴ ሌላ ሰው ሆኑ። መንገዱን አያዩትም፤ ግን መዳፋቸውን ጋቢናው ላይ ለጥፈው ሞተሩን ያዳምጣሉ፣ ከእኔ ቀድመውም ማርሽ ይጠራሉ። "ሁለተኛ! ሁለተኛ አልኩሽ!" "አውቃለሁ አባየ!" "ብታውቂማ እስካሁን ታስገቢ ነበር!" አስገባሁ። አሮጊቷ ጥርሷን ነክሳ ጠመዝማዛውን ተያያዘችው። "ቀጣዩ ኩርባ ላይ ውሃ የበላው ጉድጓድ አለ፤ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ያዥ" አሉ። ነበረ! መንገዱ ስንት ጊዜ ተጠግኗል፣ ያ ጉድጓድ ግን አባቴን ሲጠብቅ ኖሯል። ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ነድቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በመንዳት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኩልመስክ ስንደርስ አጥፍተን ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪወርድ ጠበቅን። ከዚያ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቼ ሥሩን ዳበስኩ፤ ነጭ ነገር የለም። ዘንጉን ጠርጌ መዘዝኩ፤ ልክ ምልክቱ ላይ። አባቴ ትኩሷን ጠብታ በጣቶቻቸው ተቀብለው አሹ፣ አሸተቱ፣ ፊታቸው ፈታ አለ።

"ምን ይመስላል?"

"ጠጅ!" አልኩ።

"የማር ነው የስኳር?"

"የስኳር።"

"ኧረ የማር ነው" አለች እናቴ አንገቷን አስግጋ። "ምን ዓይን ነው ያለሽ? ቀላ ብሎ የለም?"

"የስኳር ነው እማየ! እስኪ ወደ ፀሐይ አዙሪው!"

በዚህ መሐል የአባቴ ስልክ ጮኸ። የወልድያው ብረት ገዢ ነው፤ ነገ በጠዋት እንደሚነሳ ሊናገር። አባቴ ሌላ አልጨመሩም። "ዘይቷ ፈርዷል። አትምጣ" አሉት። ሰውየው የወሎ ሰው ነውና አልተቀየመም። "ሸጋ ነው አባቴ፣ አብሽሩ። አላህ ዕድሜ ይስጥ፣ ለመኪናይቱም ለአንቱም" ሲል ድምፁ እስከ እኛ ተሰማ።

እኔና እናቴ ስለ ጠጁ ክርክራችንን ቀጠልን። አባቴ ስልኩን ኪሳቸው ከተው፣ ዘይት የነካውን ጣታቸውን ወደ ፀሐይ አነሱ። ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ወደ ግራው አዞሩት። ብዙ ቆዩ።

"ለመሆኑ" አሉ ጣታቸውን ሳያወርዱ፣ "እነዚያ የዓይን ሐኪሞች መቼ ነው የሚመጡ ያልሽኝ?"

እናቴ ላስቲኳን ይዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ሁለታችሁ አልተስማማችሁም" አሉ አባቴ። "ቀለሙን ራሴ ማየት አለብኝ።"